የኪያር ልዩ ልዩ አዘገጃጀት፤ ለባለ ሱቆችና ለምግብ ቤቶች የሚጠቅም ትምህርት

ኪያር በከተማ የአትክልት ሱቆች ሁሉ ከቲማቲምና ከሰላጣ ጎን ተደርድሮ የሚታይ ሸቀጥ ነው። ይሁን እንጂ ባለ ሱቁን ከሚያሳስቡት ሸቀጦች አንዱ መሆኑ የታወቀ ነው። ሰኞ ጠዋት ጠንክሮና አረንጓዴ ሆኖ የገባው ኪያር ቅዳሜ ሳይደርስ ቆዳው ይላላል፤ ጫፉ ቢጫ ይሆናል፤ ገዢም ዳስሶ ያልፈዋል። በዚህ ጊዜ ነጋዴው ገዢ ጠፋ ብሎ ያማርራል። ነገሩ ሲመረመር ግን አብዛኛው ገዢ ኪያርን የሚያውቀው ከሰላጣ ጋር ተቆርጦ ሎሚና ዘይት ሲጨመርበት ብቻ ስለ ሆነ፣ ለአንድ ቤት አንድ ወይም ሁለት ፍሬ ይበቃዋል። በሦስት ኪሎ ምን እንደሚሠራበት የሚያውቅ ሰው ግን ሦስት ኪሎ ይገዛል።

የጉዳቱን መጠን በቁጥር መመልከት ይጠቅማል። አንድ ባለ ሱቅ 50 ኪሎ ኪያር ገዝቶ 10 ኪሎው ቢበላሽበት፣ የ50ውን ኪሎ ዋጋ ከ40 ኪሎ ሽያጭ ማውጣት ግድ ይሆንበታል። ይኸውም የተበላሸው ከመቶ 20 ሲሆን፣ ለእያንዳንዱ የተሸጠ ኪሎ የወጣው የግዢ ዋጋ ከመቶ 25 ከፍ አለ ማለት ነው። ይህን ልዩነት ብዙ ነጋዴ በመዝገቡ ላይ አያገኘውም፤ ከትርፉ ላይ ግን ሳይቆረጥ አይቀርም። ስለዚህ ኪያር በልዩ ልዩ አገሮች እንዴት እንደሚዘጋጅና እንደሚበላ ማወቅ ለወጥ ቤት ብቻ ሳይሆን ለንግድም የሚገባ ትምህርት ነው።

የኪያር ጠባይ

ኪያር የዱባ፣ የሐብሐብና የዝኩኒ ዘመድ ሲሆን፣ የትውልድ አገሩ ሕንድ ነው። ፋርሶችና ዐረቦች ኺያር ብለው ይጠሩታል፤ የአማርኛው ስሙም ከዚህ የራቀ አይደለም። ከክብደቱ ከመቶ 95 ያህሉ ውኃ ነው። ስለዚህ አንድ ኪሎ ኪያር የገዛ ሰው 950 ግራም ያህል ውኃ ገዝቷል ማለት ይቻላል። የኪያር ቅዝቃዜው፣ ጥማት ቆራጭነቱና ሲገመጥ የሚሰማው ጥንካሬው ሁሉ ከዚህ ውኃ የሚመጣ ነው፤ ቶሎ መጠውለጉም እንዲሁ ከዚሁ የተነሣ ነው።

እንግዲህ የኪያር አዘገጃጀት ሁሉ በአጭር ቃል ሲገለጽ የዚህ ውኃ አያያዝ ነው። ወይ ውኃው እንዳለ ሆኖ ጥሬው ይበላል፤ ወይ በጨው ተስቦ ይወጣል፤ ወይ በኮምጣጤና በጨው ውኃ ይተካል፤ ወይም በእሳት እንዲተን ይደረጋል። ይህን መሠረት የያዘ ሰው ከዚህ በታች የተዘረዘሩትን መንገዶች ያለ ችግር ይረዳቸዋል።

ከአዘገጃጀቱ አስቀድሞ ግን ስለ አቀማመጡ ጥቂት መናገር ያስፈልጋል። ለኪያር የሚስማማው ቅዝቃዜ ከ10 እስከ 13 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ነው። ከዚህ በታች በሆነ ቅዝቃዜ ለብዙ ቀን የቆየ ኪያር ቆዳው ላይ ውኃ ያዘለ የመሰለ ነጥብ ያወጣል፤ ከማቀዝቀዣው በወጣ ጊዜም ፈጥኖ ይበሰብሳል። ስለዚህ ማቀዝቀዣው በጣም የሚበርድ ከሆነ፣ ፀሐይና ነፋስ የማያገኘው ቀዝቃዛ ጓዳ ይሻለዋል። ሁለተኛም ሙዝና የበሰለ ቲማቲም ኢታይሊን የሚባለውን የማብሰያ ጋዝ ስለሚያወጡ፣ ከእነርሱ ጋር የተቀመጠ ኪያር ቶሎ ቢጫ ይሆናል። ለዓይን ያምራል በማለት ኪያርና ቲማቲምን በአንድ ሣጥን የሚደረድር ባለ ሱቅ ጉዳቱን በገዛ እጁ ያፋጥነዋል።

አንዳንድ ጊዜ ኪያር ይመራል። ይህ የሚሆነው ተክሉ በውኃ ጥምና በሙቀት ሲጎዳ ኩከርቢታሲን የተባለ መራራ ነገር ስለሚያበዛ ነው። ምሬቱ የሚበረታው ከሐረጉ ጋር በተያያዘበት ጫፍና በቆዳው ሥር ስለ ሆነ፣ ጫፉን ቆርጦ መጣልና ቆዳውን መላጥ ብዙ ጊዜ ይበቃል። እጅግ የመረረው ግን ሆድ ሊያውክ ስለሚችል መጣል አለበት።

ጥሬውን ማቅረብ

ጥሬ የሚበላ ኪያር ሁሉ ከመቆረጡ በፊት በንጹሕ ውኃ በሚገባ መታጠብ አለበት። የሚላጥ ቢሆንም እንኳ ያልታጠበ እንደ ሆነ ቢላዋው በቆዳው ላይ ያለውን ጉድፍ ወደ ውስጡ ያስገባዋል።

ሰላጣ ሲዘጋጅ የብዙ ሰው ስሕተት ጨዉን አስቀድሞ ጨምሮ ሳሕኑን ማቆየት ነው። ጨው የኪያሩን ውኃ ስለሚስብ፣ ማዕድ ላይ በሚቀርብበት ጊዜ ሳሕኑ ውኃ ሞልቶ፣ ዘይቱና ሎሚውም ቀጥኖ ይገኛል። ለዚህ ሁለት መፍትሔ አለ። አንደኛው ጨዉን በመጨረሻው ሰዓት መጨመር ነው። ሁለተኛው ደግሞ በክብ በክብ ለተቆረጠ አንድ ኪሎ ኪያር ሁለት የሻይ ማንኪያ ጨው ነስንሶ፣ ለግማሽ ሰዓት ያህል በወንፊት ላይ ማቆየትና ውኃውን ማንጠፍ ነው። እንዲህ የተደረገው ኪያር ሎሚውን፣ ቃሪያውንና ሽንኩርቱን ይበልጥ ይቀበላል፤ ሳሕኑም ንጹሕ ሆኖ ይቀርባል። ለጾም ምግብ ሰላጣ በብዛት የሚያቀርቡ ምግብ ቤቶች ይህን ሁለተኛውን መንገድ ቢይዙ ይጠቀማሉ።

በቻይና ኪያሩን በቢላዋ ጎን ቀጥቅጦ መሰነጣጠቅ የተለመደ ነው። የተሰነጠቀው ገጽ ወጣ ገባ ስለሚሆን ነጭ ሽንኩርቱን፣ ኮምጣጤውንና የሰሊጥ ዘይቱን ከለስላሳው ቁራጭ ይልቅ ይይዛል። የሰሊጥ ዘይት በቅርብ በሚገኝበት አገር ይህ አዘገጃጀት ወጪ የሚበዛበት አይደለም። በእንግሊዝ አገር ደግሞ በ19ኛው ምዕት ዓመት ከሰዓት በኋላ ሻይ የመጠጣት ልማድ ሲስፋፋ፣ በስሱ የተቆረጠ ኪያር ቅቤ በተቀባ ነጭ ዳቦ መካከል ገብቶ ሳንድዊች ሆኖ ይቀርብ ጀመር። ቅቤው የሚቀባው ለጣዕም ብቻ አይደለም፤ የኪያሩ ውኃ ወደ ዳቦው እንዳይገባ ይከለክላል። እንግዳ የሚያስተናግዱ የሻይ ቤቶች ይህን ምስጢር ሊያስተውሉት ይገባል።

በኢራን ኪያር እንደ ፍራፍሬ ተቆጥሮ ከብርቱካንና ከፖም ጋር ለእንግዳ ይቀርባል፤ እንግዳውም ልጦ ጥቂት ጨው ነስንሶ ይበላዋል። ከዚህም ሌላ ኢራናውያን ማር ወይም ስኳር ከኮምጣጤና ከናና ጋር አፍልተው ያቀዘቅዙታል፤ በበጋም በውኃ አቅጥነው የተፋቀ ኪያር ይጨምሩበትና ይጠጡታል። በሜክሲኮም ኪያርና ሎሚ ከውኃና ከስኳር ጋር ተፈጭቶ፣ ተጠልሎ ይጠጣል። ለጭማቂ ቤቶች ይህ በሙቀት ወራት አዲስ ሸቀጥ ሊሆን የሚችል ነው።

ከእርጎ ጋር ማዘጋጀት

ከግሪክ አንሥቶ እስከ ሕንድ ድረስ ባሉት አገሮች ኪያርና እርጎ የማይለያዩ ጓደኞች ናቸው። ግሪኮች ጻጺኪ፣ ቱርኮች ጃጂክ፣ ሕንዶች ራይታ ይሉታል። ስሙና ቅመሙ ይለያይ እንጂ መሠረቱ አንድ ነው። ሁለት መካከለኛ ኪያር በመፋቂያ ተፍቆ፣ ጥቂት ጨው ተጨምሮበት፣ ከ15 ደቂቃ በኋላ በእጅ ይጨመቃል። ከዚያም በሁለት ብርጭቆ ወፍራም እርጎ ይለወሳል፤ አንድ ፍንካች የተወቀጠ ነጭ ሽንኩርት፣ አንድ የሾርባ ማንኪያ ዘይት፣ እንዲሁም በስሱ የተከተፈ ናና ወይም እንስላል ይታከልበታል። ግሪኮች ወፍራም አድርገው በዳቦ ያጠቅሱታል። ቱርኮች በውኃ አቅጥነው እንደ ቀዝቃዛ ሾርባ ይጠጡታል። ሕንዶች ደግሞ የተቆላ ከሙን ነስንሰው በቅመም ከሚያቃጥል ወጥ ጎን ያቀርቡታል።

ይህ የመጨረሻው ልማድ ለኢትዮጵያ ማዕድም የሚስማማ ነው። በርበሬ የሚያቃጥልበት ነገር በውኃ ብዙም አይሟሟም፤ በወተትና በእርጎ ግን ይበርዳል። ስለዚህ በርበሬ በበዛበት ወጥ አጠገብ አንድ ትንሽ ሳሕን ኪያር በእርጎ ማቅረብ ለእንግዳ፣ ይልቁንም በርበሬ ላልለመደ እንግዳ፣ ታላቅ ዕረፍት ነው። በጾም ቀን የወተት ነገር ስለማይቀርብ ምግብ ቤቱ በዚህ ፈንታ በሎሚ የተዘጋጀውን ማቅረብ ይችላል።

በኮምጣጤ ማቆየት

ኮምጣጤ ኪያርን በሁለት መንገድ ያገለግላል። የመጀመሪያው ለጥቂት ቀናት የሚሆነው ነው። ሁለት ብርጭቆ ኮምጣጤና ሁለት ብርጭቆ ውኃ፣ አንድ የሾርባ ማንኪያ ጨውና አንድ የሾርባ ማንኪያ ስኳር ከጥቂት ሰናፍጭ፣ ከድንብላልና ከቁንዶ በርበሬ ጋር ይፈላል። ይህም በተቆረጠው ኪያር ላይ ትኩሱን ይፈስሳል። ከበረደ በኋላ በማቀዝቀዣ ውስጥ ይቀመጣል፤ በማግሥቱም ለመበላት ይደርሳል። ይህ ዓይነቱ ኪያር በሁለት ሳምንት ውስጥ ቢበላ መልካም ነው።

ሁለተኛው መንገድ በጠርሙስ ታሽጎ በመደርደሪያ ላይ ለወራት እንዲቆይ የሚደረገው ሲሆን፣ ከፍ ያለ ጥንቃቄ ይፈልጋል። ኮምጣጤው ከመቶ 5 ያላነሰ የአሴቲክ አሲድ ኃይል ያለው መሆን አለበት፤ ይህም በጠርሙሱ ጽሑፍ ላይ ይነበባል። ጣዕሙን ለማለዘብ ኮምጣጤውን ከመመሪያው በላይ በውኃ ማቅጠን አይገባም፤ አሲዱ በቂ ካልሆነ ቦቱሊዝም የሚባለውን ገዳይ በሽታ የሚያመጣ መርዝ የሚያመነጨው ተሕዋስ አየር በሌለበት ጠርሙስ ውስጥ ሊራባ ይችላል። ለማለዘብ ቢፈለግ ስኳር ይጨመራል እንጂ ኮምጣጤ አይቀነስም።

የታሸገው ጠርሙስ በፈላ ውኃ ውስጥ መቀቀሉም የማይቀር ሥራ ነው። እዚህ ላይ የደጋ አገር ሰው ልብ ሊለው የሚገባ ነገር አለ። በባሕር ጠረፍ ውኃ የሚፈላው በ100 ዲግሪ ሲሆን፣ በአዲስ አበባ ከፍታ ግን በ92 ዲግሪ ገደማ ይፈላል። ስለዚህ ለቆላ አገር በተጻፈ መመሪያ ላይ 10 ደቂቃ ቀቅሉ የተባለውን በዚህ ከፍታ 20 ደቂቃ ያህል ማድረስ ያስፈልጋል።

በጨው ውኃ ማብላላት

በሩስያ፣ በፖላንድና በዩክሬን የሚወደደው ኪያር ኮምጣጤ ፈጽሞ የማይገባበት ነው። ኪያሩ በጨው ውኃ ውስጥ ተነክሮ ራሱ ይቦካል፤ ኮምጣጣነቱንም የሚያገኘው በዚሁ ነው። የጤፍ ሊጥ በእርሾ ሲቦካ ያየ ሰው ነገሩን ለመረዳት አይቸገርም። በኪያሩ ቆዳ ላይ ያሉት ረቂቃን ተሕዋስያን በውስጡ ያለውን ጥቂት ስኳር ወደ ላክቲክ አሲድ ይለውጡታል፤ ጨዉም አበላሺ የሆኑትን እየከለከለ ጠቃሚዎቹን ያሳልፋል።

አሠራሩ እንዲህ ነው። በአንድ ሊትር ውኃ 50 ግራም ጨው ይሟሟል። ትንንሽና ጠንካራ ኪያር ታጥቦ፣ አበባው በነበረበት በኩል ያለው ጫፍ በስሱ ይቆረጣል፤ በዚያ ጫፍ ያለው ኤንዛይም ኪያሩን ስለሚያላላው ነው። ከዚያም ከነጭ ሽንኩርትና ከእንስላል ጋር በንጹሕ ማሰሮ ወይም አፉ ሰፊ በሆነ ጠርሙስ ውስጥ ይደረደርና የጨው ውኃው ይፈስስበታል። ኪያሩ ከውኃው በላይ እንዳይንሳፈፍ በንጹሕ ሳሕን ይጫናል። ሙቀቱ ከ18 እስከ 22 ዲግሪ በሆነ ስፍራ ከሦስት እስከ አራት ሳምንት ይቆያል። በላዩ የሚታየው ነጭ ስልባቦት በየጊዜው ይገፈፋል። ኪያሩ የተዝለገለገ ወይም መጥፎ ሽታ ያመጣ እንደ ሆነ ግን ሳይቀመስ ይጣላል። ሩስያውያን ጨዉን ቀነስ አድርገው ከሁለት እስከ ሦስት ቀን ብቻ የቆየውን፣ ገና አረንጓዴና ለዘብ ያለውን ኪያር በበጋ ይበሉታል።

ይህ የድኻ ቤት ጥበብ ታላቅ ንግድ ሆኗል። ከምሥራቅ አውሮፓ ወደ ኒው ዮርክ የተሰደዱ አይሁድ ኪያርን በበርሜል እያብላሉ በመንገድ ዳር ይሸጡ ነበር፤ ዛሬም በዚያች ከተማ በአይሁድ ምግብ ቤቶች በሳንድዊች አጠገብ ይቀርባል። በጀርመን አገር ሽፕሬቫልድ በተባለው ረግረጋማ ምድር የሚዘጋጀው ኪያር ከ1999 ዓ.ም. (እንደ አውሮፓ አቆጣጠር) ጀምሮ ስሙ በአውሮፓ ኅብረት ሕግ የተጠበቀ ስለ ሆነ፣ ሌላ አገር ያዘጋጀውን በዚህ ስም መሸጥ አይፈቀድም።

በእሳት ማብሰል

ብዙ ሰው ኪያር ይበስላል ሲባል ይገረማል። በሰሜን ጀርመን ግን ያደገና የወፈረ ኪያር ተልጦ፣ ፍሬው በማንኪያ ተጠርጎ ከሽንኩርት ጋር በድስት ይወጠወጣል፤ እንስላልና ጥቂት ኮምጣጤም ይጨመርበታል። በቻይና ደግሞ በስሱ ተቆርጦ ከእንቁላል ጋር በኃይለኛ እሳት ይጠበሳል። ምስጢሩ እሳቱ ኃይለኛ፣ ጊዜውም አጭር መሆኑ ነው፤ እሳቱ ከደከመ ኪያሩ በገዛ ውኃው ተቀቅሎ ይሟሽሻል። ገዢ ለሰላጣ የማይፈልገው ትልቅ ፍሬ በዚህ መንገድ ጥቅም ላይ ይውላል።

ከዚህ ለንግድ የሚገኘው ትምህርት

እዚህ ላይ አንድ የተለመደ ስሕተት መታረም አለበት። ብዙ ባለ ሱቆች ጨውና ኮምጣጤ የሰነበተውን ኪያር ያድናሉ ብለው ያስባሉ። ጨው ግን መልካሙን ያቆያል እንጂ የተበላሸውን አያድንም። ከላላ ኪያር የተሠራ ሁሉ ላልቶ ይወጣል፤ መበስበስ የጀመረው ደግሞ አብሮት ያለውን ማሰሮ ሙሉ ያበላሻል። ስለዚህ ምን ያህሉ በጥሬው እንደሚሸጥና ምን ያህሉ ወደ ማሰሮ እንደሚገባ መወሰን ያለበት ቅዳሜ ማታ ሳይሆን ሰኞ ጠዋት፣ ሣጥኑ በተከፈተበት ሰዓት ነው። ትንንሹና ጠንካራው ለጨው ውኃና ለኮምጣጤ፣ መካከለኛው ለሰላጣና ለእርጎ፣ ትልቁ ለድስት ይለያል። ጥቂት የጠወለገ፣ ነገር ግን ያልተበላሸ ቢገኝ በዚያው ዕለት ወደ ምግብ ቤት ሄዶ መብሰል አለበት።

ይህን አስቀድሞ የመወሰን ጥቅም በሕንድ አገር ታይቷል። በዚያ አገር በ1990ዎቹ መጀመሪያ (እንደ አውሮፓ አቆጣጠር) በካርናታካ ግዛት ጌርኪን የተባለው ትንሹ ኪያር ለውጭ ገበያ ይመረት ጀመር። የአገሩ ሕዝብ ይህን ዓይነት ብዙም አይበላውም። ነገር ግን ፋብሪካዎች ከትንንሽ ገበሬዎች ጋር አስቀድመው እየተዋዋሉ፣ ኪያሩን ገና በልጅነቱ እያስለቀሙ፣ በጨው ውኃና በኮምጣጤ አድርገው ወደ አውሮፓና ወደ አሜሪካ ይልካሉ። በ2020/21 የበጀት ዓመት የሕንድ የኪያርና የጌርኪን ሽያጭ ከ200,000 ቶን፣ ዋጋውም ከ200 ሚሊዮን የአሜሪካ ዶላር በላይ ሆኗል። በቀናት ውስጥ የሚበላሸው ፍሬ ውቅያኖስ ተሻግሮ የሚሸጠው፣ ከመዘራቱ በፊት መጨረሻው ስለ ተወሰነለት ነው።

ገዢን ማስተማርና መጋበዝም ከዚህ አይለይም። በ1893 ዓ.ም. (እንደ አውሮፓ አቆጣጠር) በቺካጎ በተደረገው የዓለም ትርኢት የአሜሪካው ነጋዴ ሄንሪ ሃይንዝ የተሰጠው ስፍራ ከፎቅ ላይ ስለ ነበረ፣ ደረጃውን ወጥቶ የሚመጣ ተመልካች ጥቂት ነበር። እርሱም ወደ ስፍራው ለሚመጣ ሁሉ ነጻ ስጦታ እንዳለ የሚገልጽ ትንሽ ካርድ አሳትሞ አስበተነ። ስጦታውም በኮምጣጤ የተቀመጠ ኪያር የሚመስል ትንሽ አረንጓዴ ጌጥ ነበር። ከዚያ በኋላ ሕዝቡ ደረጃውን ሞልቶ ወጣ፤ ሸቀጡንም ቀመሰ።

ለአንድ ባለ ሱቅ ይህን ያህል ወጪ አያስፈልገውም። ከኪያሩ ሣጥን በላይ የእርጎውን አዘገጃጀት በአጭሩ ጽፎ መስቀል፣ ናናውንና ነጭ ሽንኩርቱን በአጠገቡ ማስቀመጥ፣ በኮምጣጤ የቆየውንም በትንሽ ሳሕን ማስቀመስ ይበቃል። አንድ ፍሬ ሊገዛ የመጣ ሰው የሚሠራበትን ካወቀ አንድ ኪሎ ይዞ ይሄዳል፤ በሚቀጥለውም ሳምንት ይመለሳል። የታሸገ ሸቀጥ ለመሸጥ የሚያስብ ግን አስቀድሞ የምግብ ቁጥጥር ደንቡን ጠይቆ ፈቃዱን መያዝ፣ የተዘጋጀበትንም ቀን በጠርሙሱ ላይ መጻፍ ይገባዋል። በዚህ ዓይነት የሚሠራ ነጋዴ ቅዳሜ ማታ ሱቁን ሲዘጋ የሚጥለው ኪያር ከሣጥኑ ውስጥ አያገኝም።